ጋደም ጽሕፈት

ባለፈው ዓመት እኔና ስድስት ወዳጆቼ ከየደመወዛችን አዋጥተን አንዲት ቀጭን የግጥም መድበል አሳትመን ነበር። የመጀመሪያዋን ቅጂ ይዤ የሄድሁት የእናቴ ታላቅ ወንድም ዘንድ ነው። ጋሼ በልጅነታቸው ቁም ጽሕፈት የተማሩ፣ ብራና ፍቀው ቀለም በጥብጠው ያደጉ ሰው ናቸው። ዛሬም ቢሆን መቃ ብርዓቸው ከመስኮቱ ደፍ ላይ አይጠፋም። መነጽራቸውን አጥልቀው የእኔን ገጽ ፈለጉ፤ ግጥሟን በለሆሳስ አነበቡ፤ ከዚያም አመልካች ጣታቸውን ሁለተኛዋ ስንኝ ላይ አሳርፈው ቀና አሉ።

«ይህን ፊደል ምን አገኘው? ነፋስ መታው እንዴ?»

«ኧረ ሆን ተብሎ ነው ጋሼ፤ ኢታሊክ ይባላል» አልኋቸው።

«እኛ የተማርነው ቁም ጽሕፈት ነው። ይኸ እንግዲህ ጋደም ጽሕፈት መሆኑ ነዋ!»

ሳቅን። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሳቁ ታክሲ ውስጥ ከዳኝ። መድበሏን ገልጬ ስንኟን ደግሜ አየኋት። እውነታቸውን ነው፤ ታማለች።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ የዚያች የታመመች ስንኝ ነገር ነው። ግጥሟ አራት ስንኝ ብቻ ስለሆነች ሙሉዋን ላስቀምጣት፤

ሻንጣዬን አንሥቼ ከደጁ ስወጣ፣

በረካው ሳይቀዳ፣ ሦስተኛው ሳይጠጣ፤

ዘወር ብዬ ባየው ማንም አልነበረ፣

በርጩማዋ ብቻ ከምድጃው ቀረ።

ሁለተኛዋ ስንኝ የእኔ አይደለችም፤ የእናቴ ናት። ቡና ተፈልቶ፣ አቦልና ቶናው አልቆ፣ በረካው ሳይቀዳ የሚነሣ ሰው እናቴን ያስከፋት ነበር። ያችን ቃል እየደጋገመች እስከ በሩ ትከተለኝ ነበር። ግጥሟን ስጽፍ እናቴ ካረፈች አራት ዓመት አልፎ ነበር። እንግዲህ ስንኟን እንዴት ላትማት? እንደ ሌሎቹ ቀጥ አድርጌ ባትማት አንባቢ የእኔ ትረካ አድርጎ ይወስዳታል፤ ልጁ ቡናውን ሳይጨርስ መውጣቱን ብቻ ይረዳል። በትእምርተ ጥቅስ ብከብባት ደግሞ እናቴ በሕይወት ኖራ፣ ምድጃው ዳር ተቀምጣ እየተናገረች ትመስላለች፤ ያን ጊዜ ሦስተኛው ስንኝ ውሸት ይሆናል። እኔ የፈለግሁት በሁለቱ መካከል ያለ ድምፅ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የሌለ፣ ጆሮዬ ውስጥ ግን ያለ።

እንዲህ ያለውን ድምፅ በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ካነበብኋቸው የእንግሊዝኛ ልቦለዶች አውቀዋለሁ። ገጸ ባሕርይው ለራሱ ሲያስብ፣ የሟች ደብዳቤ ሲነበብ፣ ያለፈ ነገር ድንገት ሲመጣ፣ ፊደሉ ይለወጥ ነበር። ቀጠን፣ ጠበብ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል። ያ ፊደል ብቅ ባለ ቁጥር ለብቻዬም እያነበብሁ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። ስለዚህ የራሴን ግጥም በኮምፒዩተር ስጽፍ የእናቴን ስንኝ መረጥሁና ያችን የተጋደመች ምልክት ተጫንሁ። ስንኟም ዘመመች። እኔም የሚገባኝን ያገኘሁ መሰለኝ።

ስሕተቴ ምን እንደ ነበረ ለማወቅ የጋሼን ቀልድ ተከትዬ ብዙ ወራት ማንበብ ነበረብኝ። ያገኘሁት ይህን ነው፤ ኢታሊክ የተጋደመ ፊደል አይደለም፤ ኢታሊክ ሌላ እጅ ነው።

የምትችሉ ኮምፒዩተራችሁን ክፈቱና ፓላቲኖ የተባለውን የላቲን ፊደል ፈልጉ። በባንካችን ማሽኖች ላይ አለ፤ በብዙ ዊንዶውስ ላይም አለ። የሠራው ኸርማን ዛፕፍ የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሣለው፣ ራሱም በእጅ ጽሕፈት የተካነ ሰው ነበር። ስያሜውን የወሰደው በ16ኛው መቶ ዓመት ከኖረው ጣሊያናዊ የጽሕፈት መምህር ከጆቫኒ ባቲስታ ፓላቲኖ ነው። አንድ ቃል በቁሙ ጻፉ፤ ያንኑ ቃል ከሥሩ በኢታሊኩ ጻፉ። አሁን «ኤ» የምትባለውን ትንሿን ፊደል ተመልከቱ። በቁሙ ስትጻፍ ከሆዷ በላይ እንደ ጣራ የታጠፈ ነገር አላት። በኢታሊክ ጣራው የለም፤ ሆድና አንድ ዘንግ ብቻ፣ ያውም ብዕር ሳይነሣ በአንድ ምት የተሠሩ። ቀጥሎ እግሮቹን እዩ። በቁሙ ፊደል ዘንጎች ሥር ሰሪፍ የሚሏት ጠፍጣፋ ጫማ አለች፤ ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ ጽሑፍ የተወረሰች ናት። በኢታሊኩ ብዙ ቦታ ጫማዋ ወልቃለች፤ በእርሷ ፈንታ ብዕሩ የገባበትና የወጣበት ትንሽ ጭረት ቀርቷል። ከቀድሞው ፊደል ተነሥቶ የተገፋ አንድም መስመር የለበትም። እንደገና ተሥሏል። ፊደሉ ያው ነው፣ ጸሐፊውም ያው ነው፤ የተጻፈበት ሰዓት ግን ሌላ ነው። አንዱ የአደባባይ ነው፣ ሌላው የጓዳ።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፍሎሬንስ ውስጥ የጥንት የላቲን መጻሕፍትን የሚያሳድዱ ምሁራን ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ኒኮሎ ኒኮሊ ነው። ኒኮሊ መጽሐፍ ለራሱ ሲገለብጥ የሚጣደፍበት፣ ፊደላቱ የሚቀጣጠሉበት፣ ዘንበል ያለ የእጅ ጽሕፈት ነበረው። ለጌታ የሚሰጥ መጽሐፍ የሚጻፍበት ሳይሆን ሰው ለራሱ የሚጽፍበት እጅ ነው። ይህ እጅ ከምሁር ወደ ምሁር፣ ከዚያም ወደ ጳጳሳት ጽሕፈት ቤት ገባ።

በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ቬኒስ ውስጥ አልዱስ ማኑቲዩስ የተባለ የግሪክኛና የላቲን መምህር ማተሚያ ቤት ከፈተ። ፊደል ቀራጩ ፍራንቼስኮ ግሪፎ የቦሎኛ ሰው ነው፤ በብረት ጫፍ ላይ እያንዳንዷን ፊደል በእጁ የሚቀርጽ ብርቱ ባለሙያ። ኢታሊክ መጀመሪያ በኅትመት የታየችው በ1500 በወጣው የሲየናዋ የቅድስት ካተሪና ደብዳቤዎች መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ እርሱም በአንድ ሥዕል ላይ፣ በጥቂት ቃላት ብቻ። በሚያዝያ 1501 ግን የቨርጂል ግጥሞች ሙሉ በሙሉ በዚህ ፊደል ታተሙ። መጽሐፉ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መጽሐፍ ነው። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ባለ መጠን የሚታተመው በአብዛኛው የጸሎት መጽሐፍ ነበር፤ አልዱስ ግጥምን ከአትሮንስ አውርዶ ለመንገደኛ አስያዘ። በዚያው ዓመት ፔትራርካ፣ በተከታዩ ዓመት ዳንቴ በዚሁ ፊደል ወጡ። ብዙዎች ኢታሊክ የተፈጠረው ወረቀት ለመቆጠብ ነው ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም፤ ምናልባት ባንክ ውስጥ ስለምሠራ ቁጠባ ሁሉን ነገር የሚያስረዳ አይመስለኝም ይሆናል። ግጥም ወዳጅ ለወዳጁ በእጁ ገልብጦ የሰጠው መስሎ እንዲታይ መፈለጋቸው ለእኔ ይበልጥ ያሳምነኛል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በአልዱስ ኢታሊክ ውስጥ ትልልቆቹ ፊደላት፣ ማለትም የየስንኙ መጀመሪያዎች፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። የዘነበሉት ትንንሾቹ ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ኢታሊክ እንግዲህ ግማሹ ቁም ነበር! መዘንበል የነገሩ ልብ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የሰው ልጅ የታወቀ ጠባይ ነው። አልዱስ በ1502 ይህን ፊደል ሌላ እንዳይጠቀምበት ከቬኒስ መንግሥት ፈቃድ አስከበረ። የፈረንሳይ ሊዮን አታሚዎች ግን መጻሕፍቱን እስከነ ፊደላቸው አስመስለው ማተም ያዙ። አልዱስ ተቆጥቶ በ1503 አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ገዢው እንዳይታለል ብሎ የአስመሳዮቹን ስሕተት አንድ በአንድ ዘረዘረ። ሊዮኖቹም ዝርዝሩን ተቀብለው ስሕተታቸውን አረሙበት። (ሐሰተኛ ፊርማን በየቀኑ የሚመረምር ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ ልተው።) ግሪፎም ከአልዱስ ተጣልቶ ሄደ። አልዱስ በቨርጂሉ መጽሐፍ ላይ ስሙን አንሥቶ አመስግኖት ነበር፤ በ1503 ግን ጌርሾም ሶንቺኖ የተባለ አይሁዳዊ አታሚ፣ የዚህ ፊደል እውነተኛ ፈጣሪ አልዱስ ሳይሆን የቦሎኛው ፍራንቼስኮ ነው ብሎ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ጻፈ።

ይህ ፊደል በመጀመሪያ የማንም ረዳት አልነበረም። መጽሐፍ ወይ ሙሉ በቁም ይታተማል፣ ወይ ሙሉ በኢታሊክ። ሁለቱ እጆች በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን መኖርን የተማሩት በ16ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ኢታሊክ ብዙ ሥራ ተሰጠው፤ የመጽሐፍ ርእስ ያመለክታል፣ የባዕድ ቃል ይለያል፣ ቃልን ያጠብቃል። እኔ ከሁሉ የሚማርከኝ ግን ሌላው ሥራው ነው። የእንግሊዞቹ የ1611 መጽሐፍ ቅዱስ በኋላ በታተመባቸው ቅጂዎች ላይ በኢታሊክ የተጻፈ ቃል ካያችሁ አጽንኦት እንዳይመስላችሁ። ዕብራይስጡ ወይም ግሪኩ ውስጥ የሌለ፣ ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩ እንዲሞላ ከራሱ የጨመረው ቃል ነው። «ይህችን እኔ ነኝ ያልኋት፣ አትታዘቡኝ» እንደ ማለት ነው። ጮኾ ሳይሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፎክነርም አለ። በ1929 በወጣው «ዘ ሳውንድ ኤንድ ዘ ፊውሪ» በተባለው ልቦለዱ የመጀመሪያ ክፍል የሚተርከው ጊዜ የማይለይ አእምሮ ያለው ሰው ነው፤ ትናንትና ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረው ለእርሱ አንድ ናቸው። ፎክነር ጊዜው በተለወጠ ቁጥር ፊደሉን ወደ ኢታሊክ፣ ከኢታሊክም ወደ ቁም ያሻግራል። ይህም አላረካውም፤ እያንዳንዱ ዘመን በየራሱ ቀለም እንዲታተምለት ይመኝ ነበር። በእርሱ ዘመን የሚቻል አልሆነም። በ2012 አንድ የለንደን አሳታሚ በ14 ቀለም አትሞ ምኞቱን ፈጸመለት።

ይህን ሳነብ ጋሼን አስታወስሁ። የቀለም ነገር ከተነሣማ የእኛ ጸሐፊዎች ፎክነርን ምን ያህል ዘመን ቀድመውታል! ብራና ገልጣችሁ እዩ። ጥቁሩ ቀለም ይፈስስና የእመቤታችን ወይም የጻድቁ ስም ሲደርስ ቀይ ይሆናል። የምዕራፉ መጀመሪያ ቀይ ነው። የድጓው ገጽ ላይ ደግሞ ከዋናው ቃል በላይ፣ በመስመሮቹ መካከል፣ ደቃቅ ፊደላት ተጽፈዋል፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በ16ኛው መቶ ዓመት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሯቸው የሚነገርላቸው የዜማ ምልክቶች ናቸው። አንድ ገጽ፣ ሁለት ቀለም፣ ሁለት መጠን፤ ቃሉ በአንዱ፣ ድምፁ በሌላው። በገጽ ላይ ድምፅ መለየትን ከማንም አልተማርነውም ማለት ነው። ያልነበረን ሁለተኛው የኅትመት እጅ ነው።

ለምን አልነበረንም? መልሱ ሮም ውስጥ ይመስለኛል። የግእዝ ፊደል መጀመሪያ በማተሚያ የተቀረጸው እዚያ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ሮም ላይ የኢትዮጵያውያንን መነኮሳት ዜማ ሰማና ቋንቋውን ከለዳውያን መስሎት ከእነርሱ ተማረ፤ ከእነዚህም መነኮሳት አንዱ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ናቸው። በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ታተመ። ከአልዱስ ቨርጂል በኋላ 12 ዓመት ብቻ! በ1548 እና 1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ሁለቱም ጊዜ ለፊደል ቀራጩ ምሳሌ ሆኖ የቀረበው የብራናው ቁም ጽሕፈት ነው፤ ሌላም ሊሆን አይችልም፣ የሚታተመው ቅዱስ መጽሐፍ ነውና። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን፣ የጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሉዶቪኮ አሪጊ በ1522 ሰው ሁሉ ኢታሊክን በእጁ መጻፍ እንዲማር መምሪያ እያዘጋጀ ነበር። የእኛን መነኩሴ «ለወዳጅህ ደብዳቤ ስትጽፍስ እጅህ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስልም። በብራናዎቻችን ኅዳግ ላይ ግን ያ እጅ አለ። የርስት ውል፣ የመጽሐፉ ባለቤት ማስታወሻ፣ የብዕር መሞከሪያ፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚጻፉት ከዋናው ጽሑፍ በተለየ፣ በተጣደፈና በቀጠነ እጅ ነው። ወደ ማተሚያ ቤት የጠራው የለም።

ዛሬም እዚያው ነን። ከ2007 ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው «ኒያላ» ውብ የአማርኛ ፊደል ነው፤ ኢታሊክ ግን የለውም። በነፃ የሚገኘው «ኖቶ» የግእዝ ፊደል ከክር ከቀጠነው እስከ ከሰል እስከ ወፈረው ድረስ ብዙ ውፍረት አለው፤ ኢታሊክ የለውም። ታዲያ እኛ ያችን ምልክት ስንጫን ምን ይሆናል? ማሽኑ የሌለውን እጅ መጥራት ስለማይችል ቁሙን ፊደል ትከሻውን ይዞ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። በላቲኑ ዓለም እንዲህ ያለውን ጠንቃቃ አታሚ ቢያይ የሐሰት ኢታሊክ ብሎ ይጥለዋል። እኛ ዘንድ ካለ ሐሰተኛው ሌላ የለም።

መገፋቱ ደግሞ የእኛን ፊደል ከላቲኑ ይብስ ይጎዳዋል። «ባ» እና «ቦ» ን ተመልከቱ። «ባ» በቀኝ እግሯ ትቆማለች፣ «ቦ» በግራ እግሯ፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው። «ሳ» እና «ሶ» ም እንዲሁ። በአንድ እግሩ የቆመን ፍጡር ስትገፉት ምን ይሆናል? «ቦ» በግራ እግሯ ቆማ ወደ ቀኝ ስትገፋ የሚደግፋት ነገር የለም፤ ባዶ ላይ ትወድቃለች። በእናቴ ስንኝ ውስጥ «ሦስተኛው» ላይ ያለችው «ሦ» የተንገዳገደች ሰው ትመስል ነበር። የእናቴን ድምፅ ላለሰልስ ብዬ አሰከርኋት።

አንድ ገጣሚ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ ለምን አትተወውም? ኢታሊክ የፈረንጅ በሽታ ነው» አለኝ። ግማሽ እውነት አለው። ጀርመኖች በጥንቱ ጥቁር ፊደላቸው ሲያትሙ ቃልን ማጉላት ሲፈልጉ ፊደላቱን አራርቀው ይጽፉ ነበር። ጃፓኖች ከፊደላቱ ጎን ነጥብ ይደረድራሉ። እኛም የጽሕፈት መኪና በነበረን ጊዜ ከሥር እናሰምር ነበር። ለማጉላት ብቻ ከሆነ መንገዱ ብዙ ነው፤ ኢታሊክም አያሻንም። ነገር ግን እናቴን ማጉላት መች ፈለግሁ? ስንኟን ላሰምርባት፣ ላወፍራት፣ ላራርቃት? ሁሉም ድምፅ ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም። ቀዩ ቀለም ይቀርባል፤ ግን የእኛ ቀይ የቅዱሳን ስም ነው፣ በመሥሪያ ቤቴ ደግሞ የኦዲተር እስክሪብቶ ነው። እናቴ ሁለቱንም አልነበረችም።

ስለዚህ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። አንደኛ፣ የአማርኛን ፊደል በማሽን ማጋደም እንተው፤ በተለይ ገጣሚዎች። ሌላው ቢቀር ባዶ መስመር ከላይና ከታች መተው ይሻላል፤ እዚህ ያደረግሁት እርሱን ነው፣ ባያረካኝም። ሁለተኛ፣ ፊደል ለመሣል የተሰጣችሁ ወጣቶች፣ ሌላ አዲስ የርእስ ፊደል ከመሥራታችሁ በፊት ሁለተኛውን እጅ ሥሩልን።

ያ እጅ የት ነው ለሚለኝ፣ እኔ በየቀኑ ሳየው ስለምውል አድራሻውን እነግረዋለሁ። ባንክ መስኮት ላይ ነው። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቅጹ ላይ ልኩን በአኃዝ ከጻፈ በኋላ በፊደል ይጽፈዋል፤ ቆሞ፣ በክንዱ ዕቃ ይዞ፣ በክር በታሰረ እስክሪብቶ። እዚያ ማንም ሰው ቁም ጽሕፈት አይጽፍም። የ«መ» ሁለት ክቦች በአንድ ምት ይዞራሉ፣ ብዕሩ አይነሣም። የ«ሺ» ባርኔጣ ከራሷ ተነጥሎ ወደሚቀጥለው ፊደል ይበራል። የ«ሠ» ሦስት ዘንጎች ማዕበል ይሆናሉ። የነጋዴ እጅና የአስተማሪ እጅ ይለያያሉ፤ የቄስ ተማሪ የነበረ ሽማግሌ ከተጣደፈም በኋላ ያስታውቃል። ጥቂቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ጥቂቱ ወደ ግራ፤ አብዛኛው ቀጥ ብሎ ይሮጣል። እንግዲህ የእኛ ኢታሊክ ከተሠራ ምናልባት ጭራሽ አይጋደምም። ቀጭን፣ ጠባብ፣ ጫፉ ክፍት፣ የሚሮጥ ቁም ይሆናል።

ቅጾቹ ግን እያነሱ ነው። ሰው አሁን ገንዘቡን በስልኩ ያንቀሳቅሳል፤ ቴሌብር በ2021 ከመጣ ወዲህ ለስንት ጉዳይ መስኮታችን ድረስ መምጣት ቀርቷል። መቅረቱ መልካም ነው፣ ሰልፍ ማንም አይወድም፣ እኔም ጭምር። ነገር ግን አገር ሙሉ ሰው በፊደሉ የሚጣደፍበት ከቀሩት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ያ ቅጽ ነበር። የደንበኛን ወረቀት ማውጣት ክልክል ስለሆነ እኔ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጠዋት ካየኋቸው ፊደላት ያማሩኝን በትዝታ ብቻ ደብተሬ ላይ እሥላለሁ። ሥዕል አልችልም። «መ» ብቻ ሁለት ገጽ ሞልታለች።

ባለፈው ወር ደብተሩን ይዤ ጋሼ ዘንድ ተመለስሁ። ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ይኸ ጽሕፈት አይደለም፤ መጫጫር ነው» አሉ። የእናቴን ስንኝ እንዲጽፉልኝ ለመንኋቸው። ብርዑን አነሡ። «በእርሱ አይደለም ጋሼ፤ ለሱቅ የሚገዛ ነገር በሚጽፉበት እጅ ነው የምፈልገው» አልኋቸው። ተቆጡ። ያ እጅ ለሰው አይታይም አሉ። በመጨረሻ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና በሙዳየ ምጽዋት ፖስታ ጀርባ ላይ አንድ ጊዜ ጻፉት፤ ሳይደግሙ፣ ሳያርሙ።

«በረካው ሳይቀዳ» ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይኸ የእሷ ቃል ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔንም ትለኝ ነበር» አሉና የቀረውን ጨረሱ።

ፖስታውን የዘንድሮውን መድበል ለሚያዘጋጅልን ልጅ ሰጠሁት። እንደ ፊደል ማስገባት ስለማይቻል እንደ ሥዕል አስገባዋለሁ፣ ከሌሎቹ ሦስት ስንኞች ጋር ግን መስመሩ ልክ አልገጠመም ብሎኛል። ትንሽ ከፍ ይላል አለ። እንዳይነካው ነገርሁት።